የባሌት ዳንሰኛን እግር የሚያግደው ምንድን ነው?

አንዲት የባሌት ተማሪ ወለል ላይ ተቀምጣ ሁለት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታለች እንበል። መምህርቷ «እግርሽን አሹዪ» ስትላት የእግሯን ጫፍ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ታች ትገፋለች። ባቷ ይቋጠራል፣ ጣቶቿ እንደ ጭብጥ እጅ ይታጠፋሉ፣ ጥቂት ቆይቶም የውስጥ እግሯ ጡንቻ ይሸማቀቅና ፊቷን ያስቋጥራታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከጉልበቷ ተነስቶ እስከ ጣቷ ጫፍ ሳይሰበር መውረድ የነበረበት መስመር ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ተማሪዋ ወዲያው የምትደርስበት መደምደሚያ «እግሬ ደረቅ ነው» የሚል ነው፤ ቤቷ ስትገባም የእግሯን ጫፍ ከሶፋ ሥር ሸጉጣ ጉልበቷን እየዘረጋች ትጫነዋለች፣ ወይም ጓደኛዋ እግሯ ላይ እንድትቀመጥላት ትለምናለች።

መደምደሚያዋ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ስህተት ነው። እግር አልሾልም የሚልበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነውና። አጥንት ከአጥንት ጋር ተጋጥሞ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ጡንቻ ወይም ጅማት ሊያጥር ይችላል፤ መገጣጠሚያውን የሚያስሩት ሊጋመንቶች ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ወይም ደግሞ እግሩ ለመታጠፍ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የሚያጥፈው ጡንቻ ደካማ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ምክንያት መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ስለሆነ፣ ከመለጠጥ በፊት የሚያግደው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ቋንቋችን ከዳሌ እስከ ጣት ያለውን አካል በሙሉ «እግር» ስለሚለው፣ እዚህ እግር የሚባለው በተለይ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ክፍል መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባል። በዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ 26 አጥንቶች፣ 33 መገጣጠሚያዎች እንዲሁም በድምሩ ከ100 በላይ የሆኑ ጡንቻዎች፣ ጅማቶችና ሊጋመንቶች ይገኛሉ። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ገመድ ሲሆን፣ ሊጋመንት ደግሞ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስር ጠፍር ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱንም ጅማት ብለን ብናልፋቸውም ለዳንሰኛ ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስለ ሶፋው ስናነሳ ይታያል።

ለባሌት የሚፈለገው እንቅስቃሴ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚት ራሱ ነው። አብዛኛው ሰው ቁርጭምጭሚቱን ወደ ታች 50 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ላይ ደግሞ 20 ዲግሪ ገደማ ማጠፍ ይችላል። በጣት ጫፍ ለመቆም፣ ማለትም ለፖይንት፣ ግን የእግር ጀርባ ከቅልጥም ጋር ቀጥ ብሎ መሰለፍ ስላለበት ወደ 90 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያለፈ መታጠፍ ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚቱ የጎደለውን የሚሞሉት በእግር አጋማሽ ላይ ያሉት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያዋጡት ጥቂት ቢሆንም ተደምረው የውስጥ እግሩን ቅስት ያጎብጡታል። ሦስተኛው ቦታ የአውራ ጣት ሥር ነው። ዳንሰኛዋ ተረከዟን አንስታ በጣቶቿ ሥር ስትቆም፣ ማለትም በደሚ ፖይንት፣ ይህ መገጣጠሚያ ወደ ላይ 90 ዲግሪ ያህል እንዲታጠፍ ይጠየቃል፤ ይህም ተራ እርምጃ ከሚጠይቀው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ «እግሬ አይታጠፍም» የሚል ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደማይታጠፍ መናገር ካልቻለ ገና ምንም አልተናገረም።

ከ26ቱ አጥንቶች መካከል ታለስ የሚባለው ተለይቶ ሊታወቅ ይገባዋል። ታለስ የሁለቱ ቅልጥም አጥንቶች ጫፎች እንደ ጉጠት ግራና ቀኝ ይዘውት በመካከላቸው የሚንሸራተት አጥንት ነው። አንድም ጡንቻ አልተጣበቀበትም፤ የሚንቀሳቀሰው በዙሪያው ያሉት አጥንቶችና ጅማቶች ሲገፉት ነው። ቅርጹ እንደ ሽብልቅ ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ነው። ዳንሰኛዋ በፕሊዬ ጉልበቷን ስታጥፍ ሰፊው ክፍል ጉጠቱ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል፤ ቁርጭምጭሚቱም ንቅንቅ አይልም። እግሯን ስታሾል ግን ጉጠቱ ውስጥ የሚቀረው ጠባቡ ክፍል ስለሆነ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለመወላገድ ክፍተት ያገኛል። ይህ አንድ የአጥንት ቅርጽ የባሌትን እግር ችግር አብዛኛውን ክፍል ያብራራል፦ መስመሩ ከሁሉ በላይ በሚያምርበት ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱን የሚጠብቀው አጥንት ቦታውን ለቋል፤ ጥበቃው በሊጋመንቶችና በጡንቻዎች ላይ ወድቋል።

የሚያግደውን ነገር ለመለየት የመጀመሪያው መንገድ ስሜቱ የት ላይ እንደሆነ ማስተዋል ነው። እግሯን በምታሾልበት ጊዜ ከቁርጭምጭሚቷ ፊት ለፊትና በእግሯ ጀርባ ላይ የመሳሳብ ስሜት የሚሰማት ዳንሰኛ፣ የሚያግዳት ለስላሳው አካል ሊሆን ይችላልና በጥንቃቄ ቢለጠጥ ለውጥ ያመጣል። ስሜቱ ከኋላ፣ ከተረከዝ በላይ፣ እንደ መቆንጠጥ ወይም እንደ መጋጨት ሆኖ ከመጣ ግን ሁለት ጠንካራ ነገሮች እየተገናኙ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ይበልጥ መጫን በር መቃን ላይ ደርሶ ከቆመ በኋላ በሩን መግፋት እንደ መቀጠል ነው። በፕሊዬ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባት ላይ የሚሰማ መሳሳብ የባት ጡንቻ ማጠርን ሲያመለክት፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት የሚሰማ መቆንጠጥ ከፊት በኩል የሚጋጭ አጥንት ወይም የተቆነጠጠ ለስላሳ አካል መኖሩን ይጠቁማል።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ዳንሰኛዋ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ በራሷ ኃይል ታሾላለች፤ ሌላ ሰው አንድ ቀጥ ያለ እርሳስ ከቁርጭምጭሚቷ ፊት ለፊት፣ በእግሯ ጀርባ ላይ ያስተኛል። ወደ ጉልበት የሚያመለክተው የእርሳሱ ጫፍ የቅልጥሙን የታችኛውን ጫፍ ሳይነካ ካለፈ ቁርጭምጭሚቷ ለፖይንት የሚበቃ መታጠፍ እንዳለው ይቆጠራል። እርሳሱ ቅልጥሙ ላይ ተደግፎ ከቀረ ገና ይጎድላል። ቀጥሎ ፈታሹ አንድ እጁን ተረከዟ ላይ፣ ሌላውን በእግሯ አጋማሽ ላይ አሳርፎ፣ ጣቶቿን ሳይነካ፣ በለስላሳ ጫና እግሩን ጥቂት ወደ ታች ይሸኘዋል። እግሩ በእጅ ሲሸኝ በራሷ ኃይል ከደረሰችበት ብዙ አልፎ የሚሄድ ከሆነ እግሯ ደረቅ አይደለም፤ እዚያ ድረስ የሚያደርስ ጡንቻ ነው ያጣችው። ለዚህች ዳንሰኛ ተጨማሪ መለጠጥ ልትቆጣጠረው የማትችለውን ክፍተት ማስፋት ብቻ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ንጽጽር በየስቱዲዮው ከሚደረገው የሰዓታት መለጠጥ የበለጠ ይናገራል።

ከኋላ የሚቆነጥጠውን በተመለከተ፣ ታለስ ከጀርባው አንድ ትንሽ ጉብታ አለው። ይህ ጉብታ በልጅነት ለብቻው የሚጀምር ሲሆን፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከዋናው አጥንት ጋር ይዋሃዳል። ከ7 እስከ 25 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ግን ሳይዋሃድ ተነጥሎ ይቀርና ኦስ ትራይጎነም የሚባል ትርፍ አጥንት ይሆናል። ባሌት ለማይሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን ሳይታወቀው የሚኖር ነገር ነው። ዳንሰኛዋ ግን እግሯን ባሾለች ቁጥር ይህን አጥንት በቅልጥምና በተረከዝ አጥንት መካከል፣ ለውዝ በመስበሪያ እንደሚያዝ፣ ትይዘዋለች። ይህን በመለጠጥ መለወጥ አይቻልም። ምስል ያነሳ፣ የዳንሰኞችን እግር የሚያውቅ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በዕረፍት፣ በፊዚዮቴራፒና እግርን የማሾልን ስልት በማስተካከል ይረግባል፤ ካልሆነ አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል።

በዚያው በኋለኛው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አውራ ጣትን ወደ ታች የሚስበው ረጅም ጅማት ያልፋል። ጡንቻው ባት ውስጥ ሆኖ ጅማቱ ከታለስ ጀርባ ባለ ቦይ ወርዶ፣ ከውስጥ እግር ሥር አልፎ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ፍሌክሰር ሃሉሲስ ሎንገስ የሚል ረጅም ስም ያለው ይህ ጅማት በዳንሰኞች ላይ በጣም ስለሚደክም፣ የሚደርስበት መቆጣት በባለሙያዎች ዘንድ የዳንሰኞች የጅማት ሕመም እስከ መባል ደርሷል። ጅማቱ ሲያብጥ ቦዩ ውስጥ አልንሸራተት ይላል፤ አውራ ጣትም ታጥፎ ከቆየ በኋላ በድንገት ቀጭ ብሎ ይለቀቃል። ጣቶቿን እያጨበጠች የምታሾል ተማሪ ይህን ጅማት የቁርጭምጭሚቱን ሥራ ጭምር ታሸክመዋለች። የጣት መጨበጥ መልክ ብቻ የሚያበላሽ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ወደ ፕሊዬ ስንመለስ፣ የባት ጡንቻ አንድ ሳይሆን ሁለት ደርብ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የላይኛው ደርብ ከጉልበት በላይ ስለሚጀምር የሚለጠጠው ጉልበት ቀጥ ሲል ነው፤ የታችኛው ደርብ ከጉልበት በታች ስለሚጀምር እሱን ለብቻው ለማግኘት ጉልበት መታጠፍ አለበት። ሁለቱም ወርደው በአኪለስ ጅማት ይገናኛሉ። ብዙ ዳንሰኛ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ብቻ ይለጥጥና ፕሊዬው ለምን እንዳልጠለቀ ይገረማል፤ በፕሊዬ ጊዜ ጉልበት የታጠፈ ስለሆነ የሚያግደው አብዛኛውን ጊዜ ያልተነካው የታችኛው ደርብ ነው። መጠኑን ለማወቅ በግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ተረከዝ ከወለል ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳውን እስኪነካ ማጠፍ ይበቃል። አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ጉልበት ከደረሰ መልካም ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን በቀኝና በግራ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል፤ በተለይ አንዱ ቁርጭምጭሚት ከዚህ በፊት ወለምታ ገጥሞት ከሆነ። ጥልቅ ፕሊዬ የዝላይ መነሻና ማረፊያ በመሆኑ ይህ ፍተሻ የፖይንት ጫማ ለማይለብሱ ወንድ ዳንሰኞችም ያው ነው።

ፍተሻው መለጠጥ እንደሚያስፈልግ ካመለከተ ጊዜውና መጠኑ ይከተላሉ። ቀዝቃዛ ጡንቻ አይለጠጥም፤ ቢያንስ ሰውነት እስኪሞቅ ድረስ በፈጣን እርምጃ፣ ቁርጭምጭሚትን በማሽከርከር፣ ተረከዝን በዝግታ በማንሳትና በማውረድ መሟሟቅ ይቀድማል። አንድን ጡንቻ ለጥጦ ለ30 ሰከንድ ያህል መያዝና ይህን ጥቂት ጊዜ መደጋገም በቂ ነው። ከ60 ሰከንድ በላይ ለጥጦ መያዝ ግን ወዲያው ተከትሎ የሚመጣውን የመዝለል ጉልበት ለጊዜው ስለሚቀንስ ከክፍልና ከትዕይንት በፊት አይመከርም። ረጅሙ መለጠጥ ቦታው ከክፍል በኋላ፣ ጡንቻው እንደሞቀ ነው። የእግሩን ጀርባ ለመለጠጥ ዳንሰኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ ታስቀምጣለች፤ በአንድ እጇ ተረከዟን ይዛ ወደ ባቷ ትስበዋለች፣ በሌላው የእግሯን አጋማሽ ወደ ታች ትሸኘዋለች። ጣቶች ላይ መጫን ቅስቱን አያጎብጥም፤ የጣቶቹን መገጣጠሚያ ብቻ ያስጨንቃል።

አሁን ወደ ሶፋው እንመለስ። እግር ከሶፋ ሥር ወይም በእግር መለጠጫ መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ሸክሙ የሚያርፈው ጣቶችና የእግሩ ጫፍ ላይ ነው፤ የሰውነት ክብደት ደግሞ ከሌላው ዳር ይጫናል። እግሩ እንደ ማንሻ ዘንግ ሲሆን የሚፈጠረው ኃይል ጡንቻ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ጭነቱ ወደ ሊጋመንቶች ይተላለፋል። ጡንቻ ቢለጠጥ ይመለሳል፤ ሊጋመንት ግን አንዴ ከመጠኑ በላይ ከረዘመ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ በቀላሉ አይመለስም። መገጣጠሚያው ይላላል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ልልነት በየቀኑ የሚጠብቀው ጡንቻ ብቻ ይሆናል። በእግር ጀርባ ላይ ነርቮች ከቆዳ ሥር በቅርብ ስለሚያልፉ የመጫን ጉዳት በእነሱም ላይ ይደርሳል፤ ከልምምድ በኋላ በጣቶች መካከል የሚቀር መደንዘዝ የዚህ ምልክት ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ ይጣሉ አይባልም፤ ልምድ ያላቸው ዳንሰኞች ለአጭር ጊዜ፣ በሞቀ እግር፣ በትንሽ ጫና ይጠቀሙባቸዋል። አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ላለች ልጅ ግን፣ በተለይ ሌላ ሰው እግሯ ላይ እየተቀመጠ፣ ይህን ማድረግ ምንም የሚደግፈው ምክንያት የለም።

የማጠናከሪያው ሥራ ከመለጠጡ ያነሰ ዝና አለው፤ የሚያሳየው ነገር ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ከሁሉ የሚቀድመው ቅስትን የማንሳት ልምምድ ነው። ዳንሰኛዋ ባዶ እግሯን ወለል ላይ ሙሉ በሙሉ ታስቀምጣለች። ክብደቷ በሦስት ነጥቦች ላይ ይሆናል፦ በተረከዟ፣ በአውራ ጣቷ ሥርና በትንሿ ጣቷ ሥር። ከዚያ ሦስቱ ነጥቦች ከወለል ሳይነሱ የአውራ ጣቷን ሥር ወደ ተረከዟ ለማቅረብ ትሞክራለች፤ ቅስቱ እንደ ድንኳን መሃሉ ከፍ ይላል። ጣቶቿ ረዝመው፣ ለጥ ብለው መቆየት አለባቸው። በመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ሰው ወይ ጣቶቹን ያጨብጣል፣ ወይ ጉልበቱን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ወይም ምንም ሳይንቀሳቀስ እግሩን ትክ ብሎ ያያል። ይህ የተለመደ ነው፤ በውስጥ እግር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ጫማ ውስጥ ሲኖሩ ትእዛዝ መቀበል ረስተዋል። በእጅ ጣት ቅስቱን ዳሰስ እያደረጉ ጡንቻው ሲጠነክር መሰማቱን መከታተል ይረዳል። ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ ዐሥር ጊዜ ያህል፣ በየቀኑ ቢደረግ በሳምንታት ውስጥ ለውጡ ይታያል።

ከዚያ ላስቲክ ይመጣል። ላስቲኩ በጣቶቹ ሥር ታጥፎ ጫፎቹ በእጅ ይያዛሉ፤ እግሩ በተራ ይሾላል፦ በመጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ የእግሩ አጋማሽ፣ መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ሳይጨበጡ ይረዝማሉ። መልሱ በተቃራኒው ተራ፣ ከመሄጃው ይልቅ በዝግታ ይሆናል። ላስቲኩ እግሩን በፍጥነት መልሶ እንዲስበው የምትተው ዳንሰኛ የልምምዱን ግማሽ ጥላዋለች፤ ከዝላይ ማረፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ጡንቻ እየረዘመ የመቆጣጠር ችሎታ ነውና። በዚህ ጊዜ እግሩ ወደ ውስጥ ተጣሞ የማጭድ ቅርጽ እንዳይዝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቅልጥሙ መሃል፣ የቁርጭምጭሚቱ መሃልና ሁለተኛው ጣት በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። የማጭድ ቅርጽ በአየር ላይ መልክ ያበላሻል፤ በማረፊያ ጊዜ ግን የቁርጭምጭሚቱን ውጫዊ ሊጋመንት ሊበጥስ ይችላል።

ይህ ሊጋመንት ቀደም ሲል ከተጠቀሰው የታለስ ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። ቁርጭምጭሚት በሾለበት ሰዓት ከውጭ በኩል፣ ከፊት ያለው ቀጭን ሊጋመንት ከሁሉ በላይ ይወጠራል፤ በወለምታም ጊዜ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ጉዳቱ ሲድንም የሊጋመንቱ የስሜት ሕዋሳት ቁርጭምጭሚቱ የት እንዳለ ለአንጎል በፍጥነት መናገርን ያጓድላሉ፤ ወለምታ ያገኘው እግር ደግሞ የሚወላገደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ መቆም፣ ከዚያ ተረከዝን አንስቶ መቆም የማጠናከሪያው አካል እንጂ ትርፍ ጨዋታ አይደለም። በአንድ እግር ተረከዝን አንስቶ ማውረድን እስከ 25 ጊዜ፣ መስመሩ ሳይጣመም መድገም መቻል ባለሙያዎች የባት ብርታትን ለመመዘን በተለምዶ የሚጠቀሙበት መጠን ነው። ሃያኛው ላይ ተረከዙ ወደ ውጭ መውደቅ ከጀመረ ቆጠራው እዚያ ያበቃል።

የተገላቢጦሽ ችግር ያለባት ዳንሰኛም አለች። እግሯ በተፈጥሮ ከመጠን በላይ የሚታጠፍ፣ ቅስቷ ከፍ ያለ፣ ሁሉም የሚያደንቃት ናት። ዝነኛዋ ሩሲያዊት የባሌት ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ (1881–1931) እንዲህ ያለ እግር እንደነበራት የታወቀ ሲሆን፣ ቅስቷን የሚደግፍ ጠንካራ ቆዳ ጫማዋ ውስጥ ትጨምር ነበር። ማሪ ታሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1832 በፓሪስ ኦፔራ በጣት ጫፍ ስትደንስ ደግሞ ጫማዋ በጫፉና በጎኑ በመርፌ ሥራ ብቻ የጠነከረ ለስላሳ ሐር ነበር፤ የሚሸከማት የራሷ እግር እንጂ ጫማው አልነበረም። ልል እግር ያላት ዳንሰኛ የምትፈልገው ተጨማሪ መለጠጥን ማቆምና ጊዜዋን ሁሉ ለብርታት መስጠት ነው። ልልነቷ በእግሯ ብቻ መሆኑን ወይም በሰውነቷ ሁሉ መሆኑን ለማወቅ ከ9 ነጥብ የሚታሰበው የቤይተን መመዘኛ ይጠቅማል፤ ትንሿን የእጅ ጣት፣ አውራ ጣትን፣ ክርንን፣ ጉልበትንና ወገብን ይመለከታል። እግር ራሱ በመመዘኛው ውስጥ አለመኖሩ ትንሽ የሚያስገርም ነው።

ለፖይንት መቼ ዝግጁ ይሆናል የሚለው የወላጆች ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይነሳል። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ከ12 ዓመት በፊት እንዳይጀመር ይመክራል፤ ዕድሜው ግን ለብቻው ፈቃድ አይደለም። በዚህ ዕድሜ በእግር አጥንቶች ውስጥ ያሉት የማደጊያ ክፍሎች ገና ስላልተዘጉ የብርታት፣ የሚዛንና የመታጠፍ መጠን አብረው ይታያሉ። ከሚደረጉት ፍተሻዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ በአንድ እግር ቆማ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ደረቷን ከወለል ጋር ትይዩ አድርጋ፣ የቆመችበትን ጉልበት አጥፋ እጆቿን ወደ ወለል ታወርዳለች። ከአምስት ጊዜ ቢያንስ አራቱን ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ ከሠራች ጥሩ ምልክት ነው። የእርሳሱን ፍተሻ አልፋ ይህን ያላለፈች ልጅ አለች፤ እግሯ ጫማውን ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን እላዩ ላይ መቆም አይችልም።

አንዳንድ ሕመሞች ልምምድን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድን ይጠይቃሉ። በእግር አጋማሽ፣ በሁለተኛው ጣት አጥንት መነሻ ላይ የሚጀምርና እየሠሩ በሄዱ ቁጥር የሚብስ ሕመም በባሌት ዳንሰኞች ላይ ከሚታወቁ የድካም ስብራት (በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ) ቦታዎች አንዱን ይጠቁማል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የማይለቅ መደንዘዝ፣ ከወለምታ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ አለመቻልም እንዲሁ ናቸው። በቂ ምግብ የማትበላና የወር አበባዋ የተቋረጠ ዳንሰኛ ደግሞ አጥንቷ ለስብራት የተጋለጠ ስለሆነ የእግሯን ሕመም ከእግሯ ጋር ብቻ አያይዞ ማከም አይበቃም።

ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ብትፈተሽ እርሳሱ ቅልጥሟን ሳይነካ ያልፍ ይሆናል፤ በእጅ ሲሸኝም እግሯ በራሷ ከደረሰበት አልፎ ይሄዳል። ውስጥ እግሯ የተሸማቀቀው ትናንሾቹ ጡንቻዎች ያልለመዱትን ሥራ በአንድ ጊዜ ስለተጠየቁ ነው። ሲሸማቀቅባት እግሯን ወለል ላይ አሳርፋ ክብደቷን እየጨመረች ጣቶቿን ወደ ላይ ብታነሳ ይለቃታል። ከዚያ በኃይሏ ሁሉ ሳይሆን በግማሽ ኃይሏ፣ ጣቶቿን አርዝማ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምራ እንደገና ታሾላለች። በወር አንድ ጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማዕዘን ከጎን ፎቶ ብታነሳ፣ መጀመሪያ የምታየው ለውጥ የቅስቱ መጉበጥ ሳይሆን የጣቶቿ መፈታት ይሆናል።